221 ላይ ለምን ተሳሳተች? የት ድረስ መሞከር እንዳለባት

እህቴ፣ ልጅሽ 1,326ን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 በላይ ሆነው ከ1ና ከራሳቸው በቀር በሌላ ወደማይካፈሉ ቁጥሮች) ስትተነትን 2 × 3 × 221 ላይ አቁማ ኤክስ እንደገባባት፣ አንቺም 221ን በ2፣ በ3፣ በ5ና በ7 ሞክረሽ እምቢ እንዳለሽ ጽፈሻል። መምህሯ ልክ ናቸው፤ 221 ማለት 13 × 17 ነው። ልጅቷም ግን ዝም ብላ አልተሳሳተችም። እኔም ተማሪ እያለሁ እዚሁ ላይ ነው የወደቅኩት፤ በኋላ ቤት ለቤት ሳስጠናም ስንቱን ልጅ 7 ላይ ቆሞ አግኝቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ11 እስከ 120 ያለ ማንኛውም ቁጥር በ2፣ በ3፣ በ5ና በ7 ካልተካፈለ በእርግጥ ብቸኛ ነው። ልጆች የሚለማመዱት በትንንሽ ቁጥሮች ስለሆነ አራቱ ሁልጊዜ የሚበቁ ይመስላቸዋል። 121 ሲመጣ ግን 11 × 11 ሆኖ ጉድ ይሠራቸዋል።

እስከ ስንት ይሞከር ላልሽው፣ የምትሞክሩት ብቸኛ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ከቁጥሩ እስኪበልጥ ነው። 13 × 13 = 169 ከ221 ስለሚያንስ 13 መሞከር አለበት። 17 × 17 = 289 ስለሚበልጥ 17ና ከዚያ በላይ ያለው ይቀራል። አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ናቸውና፤ ሁለቱም 17ና ከዚያ በላይ ቢሆኑ ብዜታቸው ቢያንስ 289 በሆነ ነበር። ትንሹ ከሌለ ትልቁም የለም። ይህን በአፍ ከማስረዳት የ36ን ጥንዶች አስጽፊያት፦ 1ና 36፣ 2ና 18፣ 3ና 12፣ 4ና 9፣ 6ና 6። ከ6 ወዲያ ያው ጥንድ ተገልብጦ ሲመጣ ራሷ ታየዋለች።

ደግሞ ባካፈለች ቁጥር ሥራው ይቀልላታል። 1,326 እንዳለ ቢሆን ገደቡ 31 ነበር፤ በ2ና በ3 ከተካፈለ በኋላ ግን 13 ይበቃል። ከትንሹ ጀምሩ እያልኩ የምጨቀጭቃቸው ለዚህ ነው። ዛፍ መሥራቱን፣ ማለትም ቁጥሩን በቅርንጫፍ እየከፈሉ መጻፉን፣ ብዙ አልወደውም፤ ያምራል፣ ግን ቅርንጫፍ ይረሳሉ። ወደ ታች እየደረደሩ ማካፈል ይሻላል።

በ2017 ዓ.ም. አንዱን ተማሪዬን ደብተሩ ላይ የጻፈውን ዓመት ራሱን ተንትን አልኩት። ከ2 እስከ 43 ያሉትን 14 ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ ሞከረ፤ አንዱም አልሠራለት። 47 × 47 = 2,209 መሆኑን ሲያይ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ብቸኛ መሆኑን እያወቁ ነው ያደከሙኝ?» አለኝ። አዎ፣ እያወቅሁ ነበር። ገደቡን ግን ከዚያ ወዲህ አልረሳውም።

አንድ ጨዋታ ልጨምርልሽ። 221 ከ225 ላይ 4 ሲቀነስ ነው፤ ማለትም 15 × 15 ሲቀነስ 2 × 2። 15 − 2 = 13፣ 15 + 2 = 17፤ አለቀ። 91 ደግሞ 100 − 9፣ 143 ደግሞ 144 − 1 ነው። እነዚህን ከሠራች 391ን ስጫት፤ 400 አጠገብ መሆኑን ግን አትንገሪያት።