ኦቫሪሽ (እንቁላል ማምረቻሽ) አብጦ «ዕጢ ነው» ለተባልሽው እህቴ፣ ሳትፈርሚ ይህን አንብቢ

«ቀኝ ኦቫሪዬ 9 ሳንቲሜትር ሆኗል፤ ዕጢ ሳይሆን አይቀርም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል ተባልኩ። ምን ልጠይቃቸው?» ያልሽውን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። የኔው ታሪክ ነው። ሕመምሽ መጣ ሄድ የሚል ከሆነማ ቁርጥ እኔን።

1. ሕመሙ አመጣጡ እንዴት እንደሆነ በደንብ ንገሪያቸው። እኔ «ሆዴን ያመኛል» ብዬ ብቻ ዝም አልኩ። ግን ለወራት ድንገት ጠምዝዞ ይይዘኝ፣ ያስመልሰኝ፣ ከዚያ ይለቀኝ ነበር። ትልቁ ፍንጭ እሱ ነበር። ኦቫሪ በተንጠለጠለበት በከፊል ሲጠመዘዝ ደም መግባቱን አያቆምም፣ መውጫው ግን ይታነቃል። ፈሳሹ እዚያው እየተጠራቀመ ዕጢ እስኪመስል ያብጣል። ካንሰር አይደለም። «ማሲቭ ኦቫሪያን ኢዴማ» ይሉታል። ብዙም አያጋጥምም፤ ሲያጋጥም ግን ወጣቶችን ነው፣ ከግራ ይልቅም ቀኙን ያዘወትራል።

2. ኤምአርአይ ጠይቂ። በአልትራሳውንድ ጠጣር ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ኤምአርአይ ግን ውሃ የቋጠረውን መሃሉንና ዳር ዳሩን የተደረደሩትን ትናንሽ የእንቁላል ከረጢቶች ለይቶ ያሳያል። ምስሉንም በእጅሽ ያዢ። እኔ ለሌላ ሐኪም ላሳይ ብዬ ስጠይቅ ምርመራ ክፍሉ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ውጤቱ ወረቀቱ ላይ አለ፣ ምስሉ ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ። ሦስት ቀን አመላለሰችኝ። በአራተኛው ቀን ተውኩት። ዛሬም ያንገበግበኛል።

3. የስምምነት ወረቀቱ። «እንዳስፈላጊነቱ ኦቫሪው ይወገዳል» ይላል። 23 ዓመቴ ነበር፣ ሳላነብ ፈረምኩ። የኦቫሪ ካንሰር ሲጠረጠር የሚታየው፣ ሲኤ 125 የሚባለው የደም ምርመራዬ ኖርማል ነበር፤ እርግጥ እሱ ብቻውን አይፈርድም፣ ግን ማንም ነገሬ አላለውም። ኦፕራሲዮኑ ሳያልቅ ቁራጭ ተወስዶ ወዲያው የሚታይበት ፍሮዝን ሴክሽን የሚባል ምርመራ እንዳለም የነገረኝ የለም። ኦቫሪዬ ወጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የፓቶሎጂ (የወጣው አካል በማይክሮስኮፕ የታየበት ምርመራ) ውጤት መጣ፤ እብጠት ብቻ። ሁሉም «እንኳን ደስ ያለሽ» አሉኝ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ በር ዘግቼ አለቀስኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ግራው እንደዚያው ጠመዘዘኝ። ያን ጊዜ ሌላ ሰው ነበርኩ። የድሮውን ፓቶሎጂ ይዤ ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ዶፕለር (የደም ዝውውር የሚያሳየው አልትራሳውንድ) ላይ ደም ይታያል፣ አልተጠመዘዘም ሊባል ሲል «ደም እየሄደም ሊጠመዘዝ ይችላል» ብዬ ተከራከርኩ። ሐኪሙ ፋይሌን ድጋሚ አየና «ልክ ነሽ» አለኝ። በላፓሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ) ገብተው ፈቱት፣ ቁራጭ ወስደው እዚያው አስመረመሩ፣ ተመልሶ እንዳይዞር ሰፍተው አቆሙት። እብጠቱ እየቀነሰ ሄደ። ልጄ አሁን 3 ዓመቷ ነው።

ያንቺ በእርግጥ ዕጢ ሊሆን ይችላልና ኦፕራሲዮኑን አትሽሺ። ግን ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ቁጭ ብለሽ «ፍሮዝን ሴክሽን ይሠራል? እብጠት ብቻ ከሆነ ኦቫሪዬ ይተርፋል?» በይው። መልሱን ወረቀቱ ላይ አስጽፊና ከዚያ ፈርሚ። ሕመሙ ይዞሽ አልለቅ ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።