ዮጋ፣ ክብደትና የወጣቶች ስሜት፦ ከቡድናችን አባላት ጋር ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዮጋ በስንት ጊዜ ያከሳል?

መልስ፦ ማንን? ዕድሜ፣ እንቅልፍ፣ የቀን ውሎ ካልተጻፈ ምን ብዬ ልመልስ? ዝግ ያለ ዮጋ የሚያቃጥለው ጉልበት ከቀስታ እርምጃ ብዙም አይበልጥም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። ስለዚህ ሩጫውም ኳሱም ይቀጥል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ሊጠቅም ነው? የ13 ዓመት ልጄ ሳይርባት፣ ሲከፋት ነው የምትበላው።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይቺ ናት! የዮጋ ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነው። ወገቧን አቅንታ ትቀመጥ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ ታሳርፍ። በአፍንጫዋ እስከ 4 እየቆጠረች አየር ታስገባ፤ እስከ 6 እየቆጠረች ታስወጣ። ስታስወጣ ሆዷ ከእጇ ስር ዝቅ ሲል ይታወቃታል። ቁም ነገሩ ማስወጣቱን ማርዘም ነው፤ ያኔ ቬገስ የሚባለው ነርቭ የልብ ምትን ያረጋጋል። ከ5 ደቂቃ በኋላም ከራባት ትብላ፣ ማንም አይቆጣት። ማታ ከመኝታ በፊትም ትሥራው። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ደግሞ ጣፋጭ ያምረዋል። አደራ፣ በየቀኑ ሚዛን ላይ አታውጪያት! ቁመቷ ገና እየጨመረ ነው፤ ኪሎም አብሮ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ በሞቀ ክፍል የሚሠራው ሆት ዮጋስ?

መልስ፦ የሚወጣው ውሃ ነው። ስትጠጣ ይመለሳል።

አንድ አባል፦ ዮጋ እኮ አምልኮ ነው፣ ለልጆች ባይሆን።

ሌላ አባል፦ ኧረ ባክህ! ተመድ በ2014 እ.ኤ.አ. ጁን 21ን የዮጋ ቀን ብሎ ሰይሞ የለ?

አንድ አባል፦ ተመድ ስለ ሃይማኖት ምን ያውቃል?

መልስ፦ እባካችሁ! ሥሩ የህንድ መንፈሳዊ ትውፊት መሆኑን ማንም አልካደም። ህሊናው ያልፈቀደለት ትንፋሹንና ማፍታታቱን ብቻ ይሥራ። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ በጭንቅላት መቆምን ከቪዲዮ ልለማመድ?

መልስ፦ አይሆንም። አንገትህ ነው።

ጥያቄ፦ ቦርጭ በስንት ቀን ይጠፋል?

መልስ፦ ከላይ አንብቡ እንጂ ጎበዝ! ሚዛኑን ተዉት ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ምሳ እየተውኩ በቀን ሁለቴ ዮጋ እሠራለሁ። ከስቻለሁ፣ ግን የወር አበባዬ ቀረ። ልቀጥል?

መልስ፦ አትቀጥይ፣ እህቴ። ሰውነትሽ ምግብ አንሶታል ማለት ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ለምታምኚው ትልቅ ሰው ንገሪ፤ ሐኪም ይይሽ። ምሳሽን ብዪ። ዮጋውን ሐኪሙ ሲፈቅድ ትመለሽበታለሽ።