«ሁልጊዜ ነው የምሠራው»፦ የአካል እንቅስቃሴን ስለ መለካት ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

«በገጠር መጠይቅ አስሞላለሁ። ‹በሳምንት ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ሰዓት ከባድ ሥራ ይሠራሉ?› ስል ገበሬው ‹ሁልጊዜ› ይለኛል። ምን ልጻፍ?» (መረጃ ሰብሳቢ፣ ምሥራቅ ጎጃም)

«ሁልጊዜ» የሚለውን ወደ 12 ሰዓት ለውጠው እንዳይጽፉ አደራ። የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ከባድ ሥራ የተሠራበትን ደቂቃ በ8፣ መካከለኛውን በ4 ያባዛል። በየቀኑ አንዲት የከባድ ሥራ ሰዓት በስህተት ብትጨመር በሳምንት 3,360 ነጥብ ታመጣለች፤ ለአዋቂ ሰው በቂ የሚባለው ዝቅተኛው ነጥብ ደግሞ 600 ነው። በዚያች አንዲት ሰዓት ብቻ ማንም ሰው «ንቁ» ሊባል ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ቀኑን አብረው ይከተሉት። በሬ የሚጠምዱት ስንት ሰዓት ላይ ነው? የሚፈቱትስ? ለምሳ ምን ያህል ያርፋሉ? ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ እሑድን የሚያከብር ገበሬ በእነዚህ ቀናት አያርስምና የሥራ ቀኖቹን ራሱ ይቁጠራቸው። ቃለ መጠይቁ የተደረገው በእርሻ ወቅት ይሁን ከአጨዳ በኋላ መመዝገብም ያስፈልጋል።

«ውሃ ሲጠፋ በሁለት እጄ ጄሪካን ይዤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እመላለሳለሁ። ስማርት ሰዓቴ ግን ያን ቀን ጥቂት እርምጃ ነው የሚያሳየኝ።» (የቤት እመቤት፣ አዲስ አበባ)

ሰዓቱ የሚያውቀው የእጅዎን መወዛወዝ ነው። ጄሪካን የያዘ እጅ አይወዛወዝም፤ 20 ሊትሩም ለሰዓቱ ክብደት የለውም። ወገብ ላይ የሚታሰረው መለኪያ እርምጃውን በተሻለ ይቆጥራል፤ ተቀምጠው ልብስ ሲያጥቡ ግን እንዳረፉ ይቆጥርብዎታል። መጠይቁ በአንጻሩ ከባድ ዕቃ መሸከምን በስሙ ጠርቶ ይጠይቃል። የሴቶች የቤት ውስጥ ድካም ከመረጃው እንዲጠፋ የማይፈልግ ተመራማሪ በስማርት ሰዓት ብቻ ሊለካው አይገባም።

«ለመመረቂያ ጥናቴ መጠይቅ ልጠቀም ወይስ መለኪያ መሣሪያ?» (የማስተርስ ተማሪ፣ ጎንደር)

በአሜሪካ በ2003 እና 2004 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ የጤና ጥናት አዋቂዎች ወገባቸው ላይ መለኪያ ታጥቀው ሲታዩ፣ የተመከረውን ያህል የሚንቀሳቀሱት ከ100 አምስት እንኳ አልሞሉም። በቃል ሲጠየቁ ቁጥሩ በብዙ ይበልጥ ነበር። ይህ ሰዎቹ ዋሹ አያሰኝም። ሰው የሚያስታውሰው «ኳስ ተጫወትኩ» ብሎ ሰዓቱን በሙሉ ነው፤ መሣሪያው በመካከል የቆመባቸውን ደቂቃዎች ይቀንሳል።

ጥቂት መሣሪያ ካገኙ መጠይቁን ሁሉንም ተሳታፊዎች ያስሞሉ፤ መሣሪያውን በዕጣ ለተመረጡት ለሰባት ቀን ያስሩላቸው። ቢያንስ አራት ቀን፣ በቀን ከ10 ሰዓት ያላነሰ ያልታሰረውን መረጃ ብዙ ተመራማሪዎች አይቀበሉትም። የእርምጃው ምክንያት ሥራ ይሁን ቤተ ክርስቲያን መሳም የሚነግርዎት መጠይቁ ብቻ ነው።

«10,000 እርምጃ ግዴታ ነው?» (ጡረተኛ፣ ሐዋሳ)

አይደለም። ቁጥሩ የመጣው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ፈጠን ብለው ሲራመዱ ማውራት እየቻሉ መዝፈን ካቃተዎት፣ መካከለኛው ላይ ደርሰዋል።