«አስገዳጅ ምርጫ» ወይስ «ድምፅ የመስጠት ግዴታ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ደብረ ብርሃን የሥነ ዜጋ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ «ዜጋ ሁሉ እንዲመርጥ በሕግ ይገደድ ወይስ አይገደድ?» በሚል ሊከራከሩ ነው። ርዕሱን «አስገዳጅ ምርጫ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አንዷ ተማሪ «ከተገደዱማ ምኑን ምርጫ ሆነ?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም መልስ አጣሁ። ምን ብዬ ልጻፈው? «ግራ ዘመም»፣ «ቀኝ ዘመም» የሚሉትስ ደህና አማርኛ ናቸው? ቤቱ የቀረውን ሰው «ድምፀ ተአቅቦ አደረገ» ማለትስ ይቻላል?

መልስ፦ ልጅቱ ጆሮ አላት። ኮሮጆ ያለበትም ምርጫ ነው፤ «ምን ምርጫ አለኝ?» ስንልም ያው ምርጫ ነው። «አስገዳጅ» ሲታከልበት ሁለተኛው ትርጉም ቀድሞ ይሰማል። ሌላም ጣጣ አለው። የሕግ ሰዎች «አስገዳጅ» የሚሉት መከበር ያለበትን ነገር ነው፤ የሰበር ሰሚ ችሎትን «አስገዳጅ የሕግ ትርጉም» ያስቡ። ስለዚህ ጠበቃ «አስገዳጅ ምርጫ» ቢሰማ ውጤቱ የሚጸና ምርጫ ሊመስለው ይችላል።

የሚገደደው ምኑ ነው? አውስትራሊያን እንይ። አገር አቀፉ ሕግ የወጣው በ1924 እ.ኤ.አ. ነው። በ1922 ምርጫ ድምፅ የሰጠው ሰው 60 በመቶ እንኳ አልሞላም ነበር፤ በ1925 ግን ከ90 በመቶ አለፈ። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው 20 የአውስትራሊያ ዶላር ይቀጣል። ይህን ፓርቲ ምረጥ የሚለው ግን የለም። ድምፁ ሚስጥር ስለሆነ ባዶ ወረቀት ቢያስገባም ማን ያውቅበታል? እንግዲህ ግዴታው ያለው መሄዱ ላይ ነው፤ ማንን መምረጡ የራሱ ነው። እኔ ብሆን ሰሌዳው ላይ «ድምፅ የመስጠት ግዴታ» ብዬ እጽፋለሁ። ባዶ ወረቀቱን ካሰብን እሱም ቢሆን ጥቂት ይጎድለዋል፤ ግን ያስኬዳል።

«የግዳጅ ምርጫ» የሚሉም አሉ። አልወደውም። «ግዳጅ» ሲባል ወታደር ትዝ ይለናል። ደግሞም ስሙ ራሱ ወገን ይይዛል፦ ደጋፊው እንደ ግብር ቆጥሮ «የዜግነት ድርሻ» ይለዋል፣ ተቃዋሚው «ማስገደድ» ይለዋል። ተከራካሪዎቹ የየራሳቸውን ይበሉ፤ ርዕሱ ግን ለማንም ባያደላ ጥሩ ነው። የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ነገሩን የሚያስቀምጠው በመብት ነው። ያንብቡላቸው፤ ጥሩ ጭቅጭቅ ያስነሳል።

ወደ «ግራ ዘመም» ስንመጣ፣ ቃሉ ደህና አማርኛ ነው። «ዘመም አለ» ማለት ትንሽ ወደ አንድ ጎን አጋደለ ማለት ነው። «ዘመመ» ካሉት ግን ባላ የሚያስፈልገው ቤት መሰለ! ለፓርቲና ለጋዜጣ «ግራ ዘመም» ይበሉ፤ ስለ አንድ ሰው ሲሆን «የፖለቲካ ዝንባሌው» ይለሰልሳል። ግራና ቀኙ የመጣው ከ1789ኙ የፈረንሳይ ጉባኤ አቀማመጥ ነው፤ የንጉሡ ደጋፊዎች ከሰብሳቢው በስተቀኝ ይቀመጡ ነበር። ከኛው የጦር ሰልፍ ጋር አያምታቱት። መንዝ ውስጥ አያቱ ግራዝማች የነበሩ ሰው ሞልቷል፤ አንዳቸውም በዚህ ምክንያት ሶሻሊስት አልሆኑም።

ተማሪዎቹ «ድሃው ስለሚወጣ ግዴታው የሚጠቅመው ግራ ዘመሙን ነው» ማለታቸው አይቀርም። የክዊንስላንድን ታሪክ ይንገሯቸው። በአውስትራሊያ ግዴታውን መጀመሪያ ያመጣው ይህ ክፍለ ግዛት ነው። ሕጉን ያወጣው ደግሞ የቀኙ ወገን፣ የሊበራሎቹ መንግሥት ነበር። የሠራተኛው ፓርቲ ደጋፊዎቹን ቀስቅሶ በማውጣት ይበልጠናል ብሎ ሰግቶ ነው ይባላል። በ1915 እ.ኤ.አ. በአዲሱ ሕግ ተመረጠ፤ ሊበራሎቹ ተሸነፉ፣ የሠራተኛው ፓርቲ ሥልጣን ያዘ። ቢሆንም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የፌዴራሉን ረቂቅ ሕግ ያቀረቡት ሴናተርም ከቀኙ ወገን ነበሩ።

የመጨረሻው ቀላል ነው። «ድምፀ ተአቅቦ» ስብሰባው ላይ ተገኝቶ፣ ድጋፍም ተቃውሞም ሳይሰጥ ለቀረ ሰው ነው። ቤቱ የዋለው «ድምፅ ያልሰጠ» ነው። ወረቀቱን ባዶውን ያስገባው ወይም ያበላሸው ደግሞ ከ«ዋጋ አልባ ድምፅ» ይቆጠራል።