ወደ ከተማ መሀል በመኪና ለመግባት መክፈል፦ ሕዝቡ ምን ይላል? ገንዘቡስ የት ይገባል? ጥያቄና መልስ

ዓመቶቹም ሰዓቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ወደ አዳማ ስንሄድም በፍጥነት መንገዱ እንከፍላለን። ወደ ከተማ መሀል ለመግባት የሚከፈለው የመጨናነቅ ክፍያ ከዚያ በምን ይለያል?

መልስ፦ በዓላማው። የፍጥነት መንገድ ክፍያ የግንባታና የጥገና ወጪን መመለሻ ነው፤ ብዙ መኪና ባለፈ ቁጥር ለአስከፋዩ ይሻለዋል። የመጨናነቅ ክፍያ ግን ሠራ የሚባለው የተወሰነ ሰው «ዛሬስ ይቅርብኝ» ሲል ነው። ዋጋው በሰዓት የሚለያየውም ለዚህ ነው። በ2006 በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ሲሞከር፣ ከጠዋቱ 6:45 የገባ 10 ክሮነር፣ 7:15 የገባ 15፣ 7:45 የገባ 20 ይከፍል ነበር። ሲወጣም እንደዚያው ይከፍላል፤ የቀኑ ጣሪያ 60 ነበር። ከምሽቱ 6:30 በኋላ ነፃ ነበር።

ጥያቄ፦ ስቶክሆልም ላይ የመኪናው ቁጥር በ20 በመቶ ብቻ ቀነሰ ይባላል። ይሄ ምን ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ «ብቻ» አይባልም። መንገድ እስኪሞላ ድረስ መኪና ቢጨመርበትም ፍጥነቱ እምብዛም አይቀንስም፤ ከሞላ በኋላ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ መኪና ከኋላው ያለውን ሁሉ ያስቆማል። ሰልፉን የሚፈጥረው ያ ትርፉ ነው። ስቶክሆልም ላይ መኪናው በአምስተኛ እጅ ሲቀንስ በሰልፍ የሚባክነው ጊዜ ከ30 እስከ 50 በመቶ ወረደ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የስቶክሆልምን ሕዝብ እንዴት አሳመኑት?

መልስ፦ በቃል አላሳመኑትም፤ አስቀመሱት። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ በኦገስት 2005 197 ተጨማሪ አውቶቡሶችና 16 አዳዲስ መስመሮች ገቡ። ያን መኸር አውቶቡሱ ብቻውን ከመኪና ያወረደው ሰው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም (አውቶቡስ ከጨመርን መኪናው በራሱ ይቀንሳል ለሚሉ ጥሩ መልስ ነው)። ክፍያው ጃንዋሪ 3 ቀን 2006 ሲጀመር ግን መንገዱ ወዲያው ቀለለ። ጁላይ 31 ሙከራው አበቃና ክፍያው ቆመ፤ መኪናውም አብዛኛው ተመለሰ። ሕዝቡ ድምፅ የሰጠው ሴፕቴምበር 17፣ ሁለቱንም አይቶ ነው። ከተማው ውስጥ 53 በመቶ ገደማ «ይቀጥል» አለ። በራሳቸው ድምፅ ያሰጡት አጎራባች ወረዳዎች ግን በአብዛኛው እምቢ አሉ። ክፍያው በኦገስት 2007 ቋሚ ሆነ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደጋፊው ወደ 70 በመቶ ተጠጋ። የሚገርመው፣ ሐሳባቸውን ከቀየሩት ብዙዎቹ መቀየራቸውን አያስታውሱትም፤ ድሮም ደጋፊ የነበሩ ይመስላቸዋል።

ጥያቄ፦ የእንግሊዟ ማንቸስተር በቢሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ ለባቡርና ለአውቶቡስ ቀርቦላት የመጨናነቅ ክፍያን እምቢ ያለችው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ድምፁ የተሰጠው ምንም ሳይታይ በፊት ስለሆነ ነው። በ2008 79 በመቶ ገደማው ተቃወመ፤ የስኮትላንዷ ኤዲንብራም በ2005 74 በመቶው። የሚከፈለው ዛሬ ነው፣ በእርግጠኝነት። ባቡሩ ግን «ይመጣል» የተባለ ነው። በዚህ ሚዛን ላይ እምቢ ማለት ሞኝነት አይደለም። ተቃውሞ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው፤ ሕዝበ ውሳኔን እዚያ ላይ ማስቀመጥ ዕቅዱን አሳልፎ መስጠት ነው።

ጥያቄ፦ ስለዚህ ከቀመሰ በኋላ ሁሉም ይደግፋል?

መልስ፦ የለም። ሌላዋ የስዊድን ከተማ ጎተንበርግ በ2013 ጀመረች፤ በ2014 57 በመቶው ተቃወመ። እዚያ መጨናነቁ እንደ ስቶክሆልም የከፋ አልነበረም፤ ክፍያው የባቡር ዋሻ ለመሥራት ገንዘብ መሰብሰቢያ መሆኑም ግልጽ ነበር። ሾፌሩ ያገኘው እፎይታ ትንሽ ነው። ድምፁ አስገዳጅ ስላልነበረና ገንዘቡ ለዋሻው ስለተመደበ ክፍያው ቀጠለ።

ጥያቄ፦ ኒውዮርክ ውስጥ እየተከፈለ ነው፤ ሰብዌዩ (የምድር ውስጥ ባቡሩ) ላይ ግን ለውጥ አላየንም። ገንዘቡ የት ገባ?

መልስ፦ በከተማዋ መሀል፣ ማንሃተን ላይ፣ ከ60ኛው ጎዳና ወደ ታች መግባት ከጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ጀምሮ ያስከፍላል። ኢዚ ፓስ (መኪና ላይ ተለጥፎ ክፍያውን በራሱ የሚቆርጥ መሣሪያ) ያለው የቤት መኪና በሥራ ቀን ከጠዋቱ 5 እስከ ምሽቱ 9፣ ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ 9 እስከ ምሽቱ 9 ዘጠኝ ዶላር ይከፍላል፤ ሌሊት 2.25። የሚከፈለው በቀን አንዴ ነው። ኢዚ ፓስ ከሌለ 9ኙ 13.50 ይሆናል። የታክሲ ተሳፋሪ በጉዞ 75 ሳንቲም፣ በስልክ የሚጠሩት የኡበርና የሊፍት 1.50 ይጨመርበታል።

ገንዘቡ ለሹፌር ደመወዝ ወይም ነገ ጠዋት ለሚጨመር ባቡር አይውልም። ገቢውን መያዣ አድርጎ ቦንድ በመሸጥ 15 ቢሊዮን ዶላር ማሰባሰብ ነው የታቀደው፤ እሱም ለግንባታ ነው፦ ለአሳንሰር፣ ያረጁ የሲግናል መሣሪያዎችን ለመቀየር፣ የሁለተኛው ጎዳና መስመርን ወደ 125ኛው ለማድረስ። 80 በመቶው ለከተማው ሰብዌይና አውቶቡስ፣ 10 በመቶ 10 በመቶው የዳርቻውን ነዋሪ ለሚያመላልሱት ለሎንግ አይላንድና ለሜትሮ ኖርዝ ባቡሮች ነው። ሲግናል መቀየር ዓመታት ይፈጃል፤ ከፋዩ በየቀኑ 9 ዶላር ሲወጣ ያያል፣ ሲግናሉን ግን ሲበላሽ ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ስቶክሆልም ላይ አውቶቡሱ ቀድሞ መግባቱ ይህን ክፍተት ይሞላ ነበር። ኒውዮርክ ያን ያህል አውቶቡስ ቀድማ አለማስገባቷ በእኔ ግምት ስሕተት ነበር።

ጥያቄ፦ አንዱ ጥናት «ሕዝቡ ተቃወመ»፣ ሌላው «ደገፈ» ይላል። የቱን እንመን?

መልስ፦ መጀመሪያ ማን እንደተጠየቀ እዩ፦ የከተማው ነዋሪ፣ የዳርቻው ወይስ የክፍለ ግዛቱ ሁሉ? ቀጥሎ ጥያቄውን ቃል በቃል አንብቡ። «ክፍያ ይጣል?» እና «ገቢው ለአውቶቡስ የሚውል ክፍያ ይኑር?» አንድ ዓይነት መልስ አያመጡም። ከዚያ «አላውቅም» ያለውን ሰው ቁጠሩ። እሱ ብዙ ከሆነ የዜናውን ርዕስ አትመኑት።

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ በግል መኪና ተሳፋሪ አመላልሳለሁ። የመጨናነቅ ክፍያው እኔንም ይመለከታል?

መልስ፦ አዎ፣ ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ። ነፃ የሆኑት ጥቁሮቹ ታክሲዎችና በቀጠሮ ሥራ ላይ ያሉ ዊልቸር የሚያስገቡ መኪናዎች ናቸው። ከጃንዋሪ 2 ቀን 2026 ጀምሮ የቀኑ ክፍያ 18 ፓውንድ ነው፤ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 7 እስከ ምሽቱ 6፣ ቅዳሜና እሑድ ከቀትር እስከ ምሽቱ 6። በዕለቱ ካልከፈልክ እስከ ሦስተኛው ቀን እኩለ ሌሊት 21 ይሆናል። ያ ካለፈ ቅጣቱ 180 ነው፤ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈልክ 90። አውቶ ፔይ (ክፍያውን በራሱ ከሒሳብህ የሚቆርጠው አገልግሎት) ላይ ታርጋህን አስመዝግብ፣ መርሳት ይቀርልሃል። የኤሌክትሪክ መኪና የ25 በመቶ ቅናሽም የሚገኘው በእሱ ብቻ ነው፤ 13.50 ትከፍላለህ። መኪና ስትቀይር አሮጌውን ታርጋ ሰርዝ፤ አለዚያ የገዛህ ሰው ሲገባ ከአንተ ሒሳብ ይቆረጣል።