«ቱቱ» ቀሚስ ነው ወይስ ጉርድ?

ጥያቄ፦ ስለ ባሌት አልባሳት ታሪክና ከፋሽን ጋር ስላላቸው ዝምድና የሚያወሳ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የባሌት ዳንሰኛዋን ልብስ፣ «ቱቱ»ን፣ «አጭር ቀሚስ» ልበለው ወይስ እንዳለ ልተወው? ዳንሰኛዋ ቱቱ «ለበሰች» ነው የሚባለው ወይስ «ታጠቀች»? «ባሌ»ና «ባሌት»ስ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። «ባሌ» ለፈረንሳይኛው አነጋገር ይቀርባል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» በፈረንሳይኛ ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። ጣጣው የሚመጣው አማርኛ ላይ ነው። «የባሌ ልብስ» ብለው ሲጽፉ አንዲት ባለትዳር የባሏን ሸሚዝ የምታነሳ ይመስላል። «የባሌ ጭፈራ» ካሉ ደግሞ አንባቢው ጎባና ሮቤ ደርሶ ይመለሳል። ስለዚህ «ባሌት» ይበሉ።

«ቱቱ»ን ግን «አጭር ቀሚስ» አይበሉት። አንደኛ፣ ሁሉም ቱቱ አጭር አይደለም። መጋቢት 12 ቀን 1832 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዳንሰኛዋ ማሪ ታልዮኒ በፓሪስ ኦፔራ «ላ ሲልፊድ» የተባለውን ባሌት ስትጨፍር የለበሰችው ነጭ ልብስ ከጉልበቷ በታች የሚወርድ፣ እንደ ደወል የተነፋ ነበር። ዛሬ የባሌት ሰዎች ያንን «የሮማንቲክ ዘመን ቱቱ» ይሉታል። ከወገብ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን የሚዘረጋው አጭሩ ደግሞ የመጣው በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ነው፤ ዳንሱ ከባድ እየሆነ ሲሄድ የእግሩ ሥራ ሙሉ በሙሉ መታየት ነበረበትና። ሁለቱን በአንድ «አጭር ቀሚስ» ከሸፈኗቸው አንባቢዎ ታልዮኒን በተሳሳተ ልብስ ይስላታል።

ሁለተኛ፣ ቃሉ ራሱ ከልብሱ ያነሰ ዕድሜ አለው። ታልዮኒ በዘመኗ «ቱቱ» አልለበሰችም፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ ጽሑፍ የተገኘው በ1881 ገደማ ነው። ምንጩም የልጆች አፍ ነው፦ የ«ቂጥ» ማቆላመጫ። ስሙ ከሰውነት ክፍል ተነሥቶ መጀመሪያ ያንን ለሚሸፍነው ጨርቅ ሆነ፣ ከዚያም ለልብሱ በሙሉ። ይህ ለአማርኛ እንግዳ አካሄድ አይደለም። «ቬሎ» በጣልያንኛ የፊት መሸፈኛ ስስ ጨርቅ ብቻ ነው፤ እኛ ጋ ግን የሙሽራዋ ልብስ በሙሉ ቬሎ ሆኗል። እንግዲህ ስለ 1832 ሲተርጉሙ «ዛሬ የሮማንቲክ ቱቱ የምንለው» ማለቱ ለታሪኩ ታማኝ ነው።

ቀሚስ ነው ጉርድ ላሉት፣ ልብሱን ገልብጠን እንየው። በአማርኛ ቀሚስ ከትከሻ የሚወርድ ነው፤ ጉርድ ደግሞ ስሙ እንደሚነግረን ከወገብ የተቆረጠ። አጭሩ ቱቱ ከሁለቱም አይገጥምም። ከላይ ደረትን አጥብቆ የሚይዝ እጅጌ አልባ አካል አለው። ከሥሩ ዳሌ ላይ የሚያርፍ ጠባብ መታጠቂያ፣ ከዚያ ደግሞ የውስጥ ሱሪ። መረብ መሳዩ ቱል እየተሸነሸነ የሚሰፋው በዚህ የውስጥ ሱሪ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 12 ድርብ ይሆናል። የታችኛው ድርብ አጭር ነው፣ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ይሰፋል፤ ታችኞቹ የላይኞቹን የሚደግፉት እንደዚያ ነው። ከመካከለኞቹ በአንዱ ቀጭን የብረት ቀለበት ይገባል። በመጨረሻ ድርቦቹ እርስ በርስ በላላ ክር ይያያዛሉ። ክሩ ከጠበቀ ልብሱ ይኮማተራል፤ ጨርሶ ካልተያያዘ ደግሞ እያንዳንዱ ድርብ በየፊናው ይዘላል። ጀርባው የሚዘጋው በዚፕ ሳይሆን በመንጠቆ ነው። ዚፕ መድረክ ላይ ቢፈነዳ መላ የለውም፤ መንጠቆ ግን ሁለት ሦስት ረድፍ ከተሰፋ ያንኑ ልብስ ለቀጭኗም ለሞላ ያለችውም ማስተካከል ይቻላል። ሲቀመጥ ተገልብጦ ይሰቀላል፣ ቱሉ በራሱ ክብደት እንዳይዘነብል።

እንግዲህ ስሙ «ቱቱ» ሆኖ ይቆይ፤ መጀመሪያ ሲያነሱት «ከደረት እስከ ዳሌ የሚያጠብቅ አካልና የተደራረበ የቱል ጉርድ ያለው የባሌት ልብስ» ብለው ይግለጹት። ረጅሙን «ባለ ደወል ቱቱ»፣ ጠፍጣፋውን «ባለ ሰፌድ ቱቱ» ቢሉ እኔ እወደዋለሁ። «ባለ እንጀራ» የሚል ሊመጣልዎ ይችላል፤ እንጀራ ግን ጠርዙ ተይዞ ሲነሣ ይዘነብላል፣ ሰፌድ ነው ቀጥ ብሎ የሚቆመው። እውነትም ለስለስ ያለ ከፈለጉ ሌላ ዓይነት አለ። ካሪንስካ የተባለችው የአልባሳት ባለሙያ በ1950 ለዳንስ ቀማሪው ባላንሺን ባሌት «ሲምፎኒ ኢን ሲ» የሠራችው ቱቱ የብረት ቀለበት የለውም፤ ድርቦቹም 6 ወይም 7 ብቻ ናቸው። ብዙ ዳንሰኞች ተጠጋግተው ሲቆሙ ባለ ብረቱ እየተነካካ ያስቸግር ነበር።

ስለ ግሱ። ሙሉው ቱቱ በእግር ተገብቶበት፣ ወደ ላይ ተስቦ፣ ከጀርባ ስለሚዘጋ «ለበሰች» ነው። ለልምምድ ብቻ የሚሆን፣ የላይኛው አካል የሌለው፣ በቦዲ ላይ የሚደረብ ቱቱ አለ፤ እሱን «ታጠቀች» ቢሉ አያስወቅስም። «አገለደመች» ግን አይሆንም፤ የሚገለደም የሚጠመጠም ነው፣ ሽርጥ ወይም ፎጣ። ወደ ኋላ ዘመን ሲሄዱ ግሶቹ ይበዛሉ። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1653፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ ፀሐይን ሆኖ ሲጨፍር ልብሱ የቤተ መንግሥቱ ፋሽን የተጋነነበት እንጂ ከፋሽኑ የተለየ አልነበረም። በዚያ ዘመን ዳንሰኛ ጭንብል «ያጠልቃል»፣ ባለ ታኮ ጫማ «ይጫማል»፣ ሴቷ ደግሞ ኮርሴት «ትታጠቃለች»። ለሁሉም «ለበሰ» እያሉ መድገም ትርጉምን ከሚያደርቁት ነገሮች አንዱ ነው።

«ሙስሊን» የሚለውን ጨርቅ ይጠንቀቁት። ስሙ ከኢራቋ ሞሱል የመጣ ነው፤ ግን አንድ ፊደል ቢሳት «ሙስሊም» ይሆንና ዓረፍተ ነገሩ ይበላሻል። «ስስ የጥጥ ሻሽ» ማለት ይበቃል። ስስነቱ በታሪኩ ውስጥ ቦታ አለውና ቃሉን አያስቀሩት። ዳንሰኛዋ ኤማ ሊቭሪ በኅዳር 1862 በፓሪስ ኦፔራ ልምምድ ላይ ሳለች ልብሷ በጋዝ መብራት ተያያዘ፤ በቀጣዩ ሐምሌ በ20 ዓመቷ ሞተች። እሳት እንዳይበላው በአሉም (እሳትን የሚከላከል ጨው) ውኃ የተነከረ ልብስ ነበር፤ ጨርቁን ያደርቀዋል፣ ነጭነቱንም ያደበዝዘዋል ብላ አልፈለገችውም።

ወደ ፋሽን ሲያልፉ አቅጣጫውን የሚያሳዩት ግሶች ናቸው። «ባሌት በፋሽን ላይ ተጽዕኖ አሳደረ» የሚለው ምንም አይነግረንም። በ1910 ሠዓሊው ሌዮን ባክስት «ሼሄራዛድ» ለተባለው ባሌት የነደፋቸው ደማቅ ቀለሞችና ሰፋፊ ሱሪዎች ፓሪስን አነሆለሉ፤ በዚያው ሰሞን የፋሽን ዲዛይነሩ ፖል ፗሬ ለሴቶች ሰፋፊ ሱሪ አቅርቧል። እዚህ መድረክና ሱቅ አብረው ነው የሄዱት። በ1924 ግን የፋሽን ዲዛይነሯ ኮኮ ሻኔል «ል ትራን ብሉ» ለተባለው ባሌት ዳንሰኞቹን የባሕር ዳርቻና የስፖርት ልብስ አለበሰች፤ ፋሽኑ ወደ መድረክ ወጣ ማለት ነው።

ጫማው ላይ ደግሞ ቃሉ ያስታል። «ባሌሪና» በጣልያንኛ ዳንሰኛዋ ራሷ ናት። «ባሌሪናዋን አወለቀች» ብለው ከጻፉ ግራ ያጋባል፤ «የባሌሪና ጫማ» ይበሉ፣ ወይም የከተማው ሰው እንደሚለው «ፍላት ጫማ»። ጫማ ሠሪዋ ሮዝ ረፔቶ በ1956 ለፊልም ተዋናይዋ ብሪጂት ባርዶ የሠራችው እንዲህ ያለውን ነው። በጣት ጫፍ የሚቆሙበት ጫማ ሌላ ነው፤ ጫፉ በሙጫ የተደራረበ ጨርቅና ወረቀት ደርቆ የጠነከረበት ስለሆነ «ፍላት» አይባልም።

ገላ ላይ የሚጣበቀው የዳንስ ልብስ «ሌዮታርድ» የሰው ስም ነው፤ በ1859 በትራፔዝ (አየር ላይ በሚንጠለጠል የሰርከስ ዥዋዥዌ) ዝነኛ የሆነው ዡል ሌዮታር። እሱ ራሱ ልብሱን «ማዮ» ይለው ነበር፤ ይህም ከእኛ «ማሊያ» ጋር በሩቅ የሚዛመድ ቃል ነው። ይሁንና ዳንሰኛዋን ማሊያ አያልብሷት፤ «ቦዲ» በቂ ነው።

አጻጻፉ ላይ አንድ ነገር። «ቱቱ» መጨረሻው «ኡ» ስለሆነ እንደ «ቤቱ» የተወሰነ ስም መስሎ «ቱት» ብሎ ማሳጠር ይመጣል፤ ስሕተት ነው። የተወሰነው «ቱቱው»፣ የእሷ ሲሆን «ቱቱዋ»፣ ሲበዛ «ቱቱዎች» ነው። ከመታተሙ በፊት ደግሞ «ቱታ» የሚለውን ቃል ፈልገው ያጣሩ፤ አንድ ቦታ ካመለጠዎ ታልዮኒ የመካኒክ ልብስ ለብሳ መድረክ ትወጣለች።