ዳቦ ቤት ለምትከፍቱ ልጆቼ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ዳንግላ ዳቦ ቤት ልትከፍቱ የተነሣችሁ ልጆቼ፣ ስለ ምድጃውና ስለ ዱቄቱ ዋጋ ጠይቃችሁ አትጠግቡም። ስለ አቡኪውና ስለ ጋጋሪው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ኪሳራው የሚጀምረው እዚያ ነው።

በሚዛን ላሳያችሁ። 50 ኪሎ ዱቄት በ30 ሊትር ውሃ ሲቦካ ወደ 80 ኪሎ ሊጥ ይወጣዋል። 100 ግራም እየተቆረጠ ቢድቦለቦል 800 ዳቦ ነው። የለመደው ሠራተኛ ጥሎ ሄዶ ትናንት የገባው ልጅ በግምት 110 ግራም ሲቆርጥ 727 ላይ ያልቃል። 73 ዳቦ ጠፋ፤ የሰረቀ ግን የለም። እናም ስትቀጥሩ ወሬውን ትታችሁ 20 ድቡልቡል አስቆርጡና አንድ በአንድ መዝኑ። የዘመድ ልጅም ቢሆን፤ እንዲያውም እሱን ደግማችሁ መዝኑ።

የሙከራ ጊዜውን በጽሑፍ አድርጉት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በቃል ብቻ ከቀጠራችሁም በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ፈርማችሁ ስጡት።

ኅዳር ሲገባ ጤፍ ይታጨዳል። ከገጠር የመጣ ጋጋሪ አባቱ ማጭድ ይዞ እያለ ከተማ አይቀመጥም፤ ብትከለክሉት ሳይነግራችሁ ይሄዳል፣ ምድጃውም በማያውቀው ሰው እጅ ይወድቃል። ስለዚህ በመስከረም ተነጋገሩ። አንድ ዓመት ለሞላው የሚገባውን 16 የሥራ ቀን ፈቃድ በተራ አከፋፍሉ፤ ጋጋሪና አቡኪ በአንድ ሳምንት አይውጡ። በጥቅምት ደግሞ ሻጩን ሊጥ አስለምዱት።

የሌሊቱ ሒሳብ ብዙ ቤት ያጣላል። ወር 5,200 ብር የሚከፈለው ሰው በሳምንት 48 ሰዓት ከሠራ ሰዓቱ 25 ብር ይመጣል። ከመደበኛው 8 ሰዓት በላይ የሠራው ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ባለው ጊዜ ከሆነ በ1.75 ተባዝቶ 43 ብር ከ75 ሳንቲም ነው። «በዓል ሲደርስ አስብልሃለሁ» ክፍያ አይደለም።

ብድር ሲጠይቃችሁ ስጡ፣ ግን መዝግቡ። ከደመወዙ ለመቁረጥ የጽሑፍ ስምምነቱ ያስፈልጋል፤ በወር ከሲሶው አይለፍ። ለተቃጠለ ዳቦ በአፍ ብቻ መቁረጥም አይሆንም። ደብተሩ ላይ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ እስክሪብቶውን እዚያው በክር እሰሩት፣ አለዚያ በዱቄት መሐል ሲፈለግ ፊርማው ለነገ ይባላል።